መፍትሔ አግኝታለች የተባለችው ሴት

ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ቃላት አንጀቷን ሲያሳርሯት ኖረዋል፤ «መፍትሔ አግኝቷል»።

የማዘጋጃ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። የእናቷ ቤት በውጭ እርዳታ ለሚሠራው የአገልግሎት አዳራሽ ሲፈርስ ምትክ ቦታ ይሰጥሻል ተባለች። አዳራሹ ተሠራ፤ በሩ ላይም «መልካም አስተዳደር» ተብሎ ተለጠፈ። ምትኩ ግን የውሃ ሽታ ሆነ።

አቤቱታ ለመጻፍ ፊደሏ አልበቃ ቢላት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጻፈላት። ስትናገር ብዕሩን ያቆምና ያያታል።

«ምን ታፈጣለህ? ጻፍ እንጂ!»

«ቁጣ ሲያምርብሽ እያየሁ ነው።»

«ወይ ጉድ! የኔ ቤት ፈርሶ ያንተ ዓይን ይዝናናል!»

ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩን ስትወለውል የእሱ በር ጋ ስትደርስ እጇ ይዘገያል። እሱም ያለ ጉዳዩ ይወጣል፣ ይገባል። ምትኩ ቦታ ከተሰጣት ሁለት ክፍል ሠርተው ሊጋቡ ተነጋገሩ።

በዓመቱ እርዳታ ሰጪዎቹ ሊገመግሙ መጡ። መልስ ያላገኘ አቤቱታ ከበዛ እርዳታው ይቆማል ተባለ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አዘዘ፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው በየፋይሉ «መፍትሔ አግኝቷል» እያለ ፈረመ። በእሷም ላይ፣ በዚያው ባማረ ጽሑፉ።

«ምን ላድርግ የኔ ዓለም? ከሥራ ያባርሩኛል» አላት።

«እኔን ማጣትህስ?»

እስክሪብቶውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ። ልተወው ብትል ልቧ እምቢ አላት፤ ላግባው ብትል ያ ጽሑፍ እምቢ አላት።

ዘንድሮ፣ በስድስተኛው ዓመት፣ ገምጋሚዎቹ እንደገና መጡ። ጠዋት ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«ዛሬ እነሱ ፊት እውነቱን እናገራለሁ። ከዚያ እንጋባለን።»

አመነችው። ለስብሰባው ውኃ በትሪ አቀረበች። ገምጋሚዋ የእሷን ፋይል አንስታ የመዝገብ ቤቱን ሰው በአስተርጓሚ ጠየቀችው፤ «የዚህች ሴት ጉዳይ በእርግጥ አልቋል?»

አያት። ትሪዋን ይዛ ከጥግ ቆማለች። ከዚያ ኃላፊውን አየ።

«አዎ፣ አልቋል» አለ።

ትሪውን አስቀመጠች። «ያቺ ሴት እኔ ነኝ! በሰው ጓሮ፣ በቆርቆሮ ክፍል ነው የምኖረው። ኑና እዩኝ!»

ኃላፊው ሳቀ። «እናታችን ጨዋታ ትወዳለች።»

አስተርጓሚው ሁሉንም ተረጎመ፤ ገምጋሚዋም ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ በሐዘኔታ ራሷን ነቅንቃ፣ በሚቀጥለው ዙር እርዳታ ለጽሕፈት ቤቱ የአቤቱታ አያያዝ ሥልጠና እንጨምራለን አለች። ተጨበጨበ።

ሰዉ ሲበተን መዝገብ ቤት ድረስ ተከተላት።

«ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ያኔ ሁሉንም እናገራለሁ። ጠብቂኝ።»

«ጠበቅኩህ እኮ።»

ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ፊቱን አየችው። አሁንም ትወደዋለች፤ የሚያቃጥላትም እሱ ነው።

ፋይሏን ከመደርደሪያው አወረደች። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዘች። እሱ ቆሞ እያየ፣ እያንዳንዱን ፊደል በግድ እየጎተተች፣ ከፊርማው ሥር «አላገኘሁም» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰችለት፤ የተጣመመ ኮሌታውን አቃናችለትና ወጥታ ሄደች።