በሬዲዮ የተነገረ መርዶ

ወረቀቱ ከአሮጌው ጎማ ሥር ነበር።

ናሁሰናይ የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎ ጎንበስ አለ። አንሥቶ ካልሲው ውስጥ ሸጎጠው። የቡሬው ጎሚስታ ቀና ብሎም አላየው። ከአጥሩ ማዶ ማዳበሪያ የጫኑ ሦስት መኪኖች ሸራ ለብሰው ቆመዋል። ወረቀቱን የተወለት «ሚዛን» የአንደኛው መኪና ሹፌር ነው። እውነተኛ ስሙ አብተው ቢሻው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ ደንቡ እንዲያ ነው።

«ሚዛን» አብተው መሆኑን የሚያውቁ ናሁሰናይና የሺጥላ ብቻ ናቸው።

የሺጥላ የድሮ አለቃው ነው። ናሁሰናይ ጋዜጠኛ ሳለ ዘጠኝ ዓመት ዜናውን ሲያርምለት ኖሯል። «የግብርና ቢሮው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሁንላቸው» ያለውም እሱ ነበር። «ውስጣቸው ግባና የገበሬውን ማዳበሪያ የሚበሉትን እናጋልጣለን። መረጃው ለእኔ ብቻ።»

ናሁሰናይ ገባ። ሁለት ዓመት ከረባት አስሮ ዋሸ። የሌለ ምርት አበሰረ፤ ያልተቆፈረ ጉድጓድ አስመረቀ። ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የገዛ ድምፁ ያንገሸግሸዋል።

ፍኖተ ሰላም ሲደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ወረቀቱን ዘረጋው። በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር ነው።

«ማዳበሪያው ተሽጧል። ጆንያዎቹ አሸዋ ናቸው።»

አነበበው። አቃጠለው።

የአሁኑ አለቃው ምሥጋና ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

«ና፣ ይቺን ፈርም። ማታ ትነገራለች።»

መግለጫ ነው። «ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ማዳበሪያ የጫኑ ሦስት መኪኖች ባልታወቁ ሰዎች ተቃጥለዋል። ሹፌር አብተው ቢሻው ተገድሏል።»

ናሁሰናይ የግድግዳውን ሰዓት አየ።

አምስት ከሩብ።

ሰውየው ገና አልሞተም።

የመግለጫው ዳርና ዳር በቀይ ብዕር ታርሟል። ያን የእጅ ጽሑፍ ዘጠኝ ዓመት ሲያየው ኖሯል። የሺጥላ ነው።

«አወቅከው አይደል?» አለ ምሥጋና እየሳቀ። «ከጥንቱም የእኛው ነው። አንተ የምታቀብለው ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ምን ያስደነግጥሃል? ፈርምና ከእኛ ጋር ኑር።»

«ሰውየውስ፣ ጌታዬ?»

«የቱ ሰውዬ? መግለጫውን አላነበብከውም?»

ናሁሰናይ የሳቀበትን ሰው፣ ቀዩን ብዕር፣ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የፕላስቲክ አበባ፣ ከሁሉም በላይ ራሱን ተጸየፈ። ፈረመ።

«ስልክህን ወዲህ በል። እስከ አሥር ሰዓት ከዚህ አትወጣም።»

ግን የቀትሩ ዜና አለ። ሬዲዮ ጣቢያው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በቢሮው ስልክ በቀጥታ ያስገባዋል፤ ከቀረ ጥያቄ ይነሣል። ምሥጋና ስለ ዘር ወቅት የተጻፈ ወረቀት አቀበለው። አልሠጋም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጡትን ሲያነብ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ሊያደርግ?

ስድስት ሰዓት። መስመሩ ተከፈተ።

በዚያ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ፣ እናት ካለች ደግፎ የሚይዛት ሰው ከጎኗ ተቀምጦ ነው። ናሁሰናይ ይህን ያውቃል። ስሙን ሊዘለው ፈለገ። ነገር ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ ሞቱ በስሙ ካልተነገረ ከአሥር ሰዓቱ ሞት የሚያድነው የለም።

«አሁን የደረሰን ዜና» ብሎ ጀመረ። የመኪኖቹን መቃጠል ተናገረ። የቆሙበትን ቦታ ተናገረ።

«ሹፌር አብተው ቢሻው ተገድሏል።»

ምሥጋና ስልኩን ሲነጥቀው ዜናው አልቆ ነበር።

የቢሮው ስልኮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኹ። ምሥጋና የትኛውን እንደሚያነሣ ጠፋው። ናሁሰናይ ከረባቱን ፈትቶ በጓሮ በር ወጣ።

አብተው የገዛ ሞቱን የሰማው ቡሬ ሻይ ቤት ተቀምጦ ነው። የሚያውቁት እልል እያሉ ከበቡት። ተቃጠሉ የተባሉትን መኪኖች ሊያይ ሕዝቡ ወደ አጥሩ ጎረፈ። ሸራው ተገፈፈ። ጆንያው ተቀደደ።

አሸዋ።

ሳይመሽ ምሥጋናም የሺጥላም ተያዙ። ናሁሰናይም ይፈለጋል። ፊርማው መግለጫው ላይ አለ፤ ሰላይ እንደነበረ ሊመሰክርለት የሚችለው ደግሞ የሺጥላ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ ወደ ፈረስ ቤት ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

«ልጁስ ደኅና ነው» ይላሉ አንዲት አሮጊት። «እናቱን ነው የምንቀብር፣ ደጊቱን። ብቻዋን ቁጭ ብላ ሰማችው። አብተው ሲደርስ ቀዝቅዛለች። ያ የሬዲዮ ሰውዬ ምን አድርጋው ይሆን?» ወደ ናሁሰናይ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምትሄድ?»

አፉን ከፈተ። ድምፁን የማያውቅ የለም።

ዘጋው። ጉሮሮውን በእጁ ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ውይ፣ ዲዳ ነው» አሉ አሮጊቷ። ጉልበቱን መታ መታ አደረጉለት። «ለዚያ አፍ ሰጥቶ ለዚህ መንሣቱ!»

ከእነሱ ጋር ወረደ። ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ በተራ እየቀረበ ሐዘንተኛውን «እግዜር ያጥናህ» ይላል። የናሁሰናይ ተራ ደረሰ። አብተው ቀይ ዓይኑን አንሥቶ አየው፤ እስኪናገር ጠበቀው።

ናሁሰናይ እጅ ነሥቶ አለፈ።