የባቡሩ ክርክር

«የሆነ ነገር ታውቂያለሽ፤ ፊትሽ ያስታውቃል። ተናገሪውና እንገላገል!» አለ ሀሚድ በሹክሹክታ።

ሶሬቲ ፊቷን ወደ ክፍሉ መስኮት አዞረች። ከእንጦጦ የወረደው ጉም የትምህርት ቤቱን ግቢ ሞልቶታል። ባሕር ዛፎቹ ሥር የሌላቸው ይመስላሉ። በጉሙ ውስጥ ገና ያልተሠራው ባቡር ታያት፤ ድምፅ የለውም፣ መስኮቶቹ ቢጫ ናቸው፣ እናቷን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ይንሸራተታል። እናቷ የአየር ማረፊያ ጽዳት ሠራተኛ ናት። አዲሱ የቢሾፍቱ አየር ማረፊያ ሲከፈት ሥራዋ ወደዚያ ይዛወራል። ባቡር ከሌለ ወይ ሥራው ይቀራል፣ ወይ እናትና ልጅ የሚገናኙት በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ይሆናል።

የክፍሉ ክርክር «ከመገናኛ እስከ አዲሱ አየር ማረፊያ የባቡር መስመር ይዘርጋ ወይስ አይዘርጋ?» የሚል ነው። ሶሬቲና ሀሚድ ይዘርጋ ባዮች ናቸው።

«ከታክሲ ሰልፍ የሚገላግለኝ ሁሉ የኔ ወገን ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

የልብ ጓደኛዋ ዳርቱ ግን አልሳቀችም። ለተቃዋሚው ቡድን ቆማ እየተናገረች ነው።

«ሀዲድ የሚያርፈው ሰው ማሳ ላይ ነው። አያቴ አባባ ጋሮማ፣ ወሰን ሰፈር አካባቢ ገብስ ይዘሩ ነበር። ቦታው ዛሬ የኮንዶሚኒየም መኪና ማቆሚያ ነው። አሁን ምን አላቸው? ምንም!»

ሳቁ ጠፋ።

ሶሬቲ ምንም ያልቀራቸው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ከተማዋ ከታች በጭጋግ ስትዋኝ፣ ዳርቱ ድንገት «አባቴ የመሬቱን ካሳ ቤቲንግ ቤት ሲቆምር ጨረሰው። አባባ እስካሁን አያውቁም» ብላት ነበር። ይህን ብትናገር ክርክሩ አበቃ፤ ያደኸያቸው መሬቱን መልቀቃቸው ሳይሆን ልጃቸው ነው ማለት ነው። ግን ካሳው ባይጠፋስ፣ አባባ ጋሮማ ማሳቸውን ይረሱት ነበር?

«ሶሬቲ፣ መልስ አለሽ?» አሉ መምህርት አይናለም።

ዳርቱ ቀና ብላ አየቻት።

ሶሬቲ ተነሣች። «ለአባባ ጋሮማ የምሰጠው መልስ የለኝም» አለች።

«በቃ፣ ተበላን!» ሀሚድ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፋ።

«ባቡሩን ግን እፈልገዋለሁ» አለች ሶሬቲ። «ለምን እንደምፈልገው ልንገራችሁ። እናቴ ከቤት ስትወጣ ገና ጨለማ ነው...»