ባዶ የመሰለው መንገድ

ሽማግሌው የሞቱት አምቡላንስ ውስጥ ሳሉ፣ ቀይ መብራት ይዟቸው ነው። ልባቸው የከዳቸው ቤታቸው ነበር፤ ሆስፒታሉ ከመስቀለኛው መንገድ ማዶ እየታየ መብራቱ አልለቅ አለ። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ በጎንና በጎን የድንጋይ አጥር።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው የከተማዋን የትራፊክ መብራቶች በራሱ ለሚማር ፕሮግራም ባስረከበችው መሐንዲስ ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ ግን ነገሩ እስኪገባት ችክ የምትል ሴት ናት። መስኮት በሌለው የመብራቶቹ መቆጣጠሪያ ክፍል ሦስት ሰዎች ሰብስባ በሩን ዘጋችው፦ መሐንዲሷን፣ የአምቡላንሱን ሾፌርና የሟቹን ልጅ። ልጁ የመብራቶቹን ሰዓት በእጁ ሲያስተካክል የኖረ የዚሁ መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን ነው። መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ፕሮግራምሽ ሰው ገደለ ይላሉ» አለቻት መሐንዲሷን።

«እሱ የሚያውቀው ካሜራው ያሳየውን ብቻ ነው። ብዙ መኪና ለቆመበት አረንጓዴ ይሰጣል። በዚያ መንገድ ግን ምስሉ ጥቁር ነበር፤ ባዶ መስሎታል። ጥቁርን ከባዶ እንዲለይ አላስተማርኩትም፣ ይህ የኔ ጥፋት ነው። ሊያስሩኝ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ ጭንቀቱ ሊገድለኝ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «መብራቱ በመጨረሻ እንዴት ለቀቀ?»

«እንጃ! ሳይረን ባስጮህ፣ ብለምን ማን ሰምቶኝ? አብሮን የነበረው ልጃቸውም አባቱን እንዲያ ሆነው ማየት አቃተው መሰለኝ፣ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ በራ።»

«ወደ ኋላ?»

«አዎ፣ ወደ ኋላ።»

ልጁ በሩን በዓይኑ ፈለገ።

«ካሜራው ተበላሽቶ ቢሆን በራሱ አይድንም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ምስሉ ግን አምቡላንሱ እዚያው ቆሞ ሳለ ድንገት ጠራ፤ ፕሮግራሙም ሰልፉን እንዳየ ለቀቀው። ስለዚህ ካሜራው ተሸፍኖ ነበር፤ ሽፋኑን ያነሳው ሰውም ያኔ እዚያው ነበር። አባቱ የሚሞትበት ሰው ወደ ፊት ሮጦ ባለመኪኖቹን እንዲያሳልፉት ይለምናል። ወደ ኋላ የሚያስሮጥ ነገር የካሜራው ምሰሶ ብቻ ነው። መዳፍህን ምን ላጠው?»

ልጁ በፋሻ የተጠቀለለውን መዳፉን በሌላው እጁ ሸፈነ።

«ከእንግዲህ አታስፈልግም አሉኝ። ፕሮግራሙን ለአንድ ቀን ላዋርደው ብዬ ጥቁር ፌስታል አሰርኩበት። አባቴ በዚያ እንደሚያልፍ በምን ልወቅ?»

መሐንዲሷ ነፃ መውጣቷን እንኳ ረስታ አለቀሰች።

«ስትመለስ አባትህን በሕይወት አገኘሃቸው?» አለችው ኢንስፔክተሯ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«‹እጄን አትልቀቅ› ብሎኝ ነበር» አለ። «ለቅቄው ነው የወረድኩት።»