ፍልሰታ በራዋቢ

እህቴ ሞታለች ወይስ በሕይወት አለች?

ይሄን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። እናቴ በደወለች ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ እኔም በደወለች ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ።

የማያምነኝ አይመነኝ። እኔ ራሴ መንፈስ ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን ነገር ለመቀበል ይከብደኛል። ይሄ ግን ደርሶብኛል።

አምና ነሐሴ ነው። ሳዑዲ፣ አል ኾበር፣ ራዋቢ የሚባል ሰፈር። ሰዓቱ ሁልጊዜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ነው...

ኾበር ስደርስ የማውቀው ኬሪያን ብቻ ነበር። ወሎዬ ናት። አሥራ አምስት ዓመት እዚያ ስለኖረች ለአዲስ መጪ ሁሉ ሰፈር የምታሳየው እሷ ናት። በመኪናዋ ይዛኝ ዞረች።

«ሥራሽ ደማም ከሆነ እዚያው ተከራዪ» አለችኝ።

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ዑለያ። ሱቁ በርሽ ላይ ነው። ሐበሻም ሞልቷል፤ ብታስነጥሺ ይማርሽ የሚልሽ አታጪም።»

«አይሆንም።»

«ሒዛም አል-አኽደርስ? ጸጥ ያለ ነው። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ይመቻል።»

«ራዋቢ ነው የምፈልገው።»

መኪናዋን አቆመችና ዞራ አየችኝ።

«ራዋቢ? የነዳጅ ጉድጓድ ወርሰሽ ነው? ቪላና ግንብ ብቻ እኮ ነው! ጎረቤትሽ ቢሞት የምትሰሚው በዓመቱ ነው።»

ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ታላቅ እህቴ ዘነበወርቅ እዚያ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ነበረች። እኔን ህንድ አገር ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እያንሾካሾከች ነበር።

«አዲሴ... ማዳም ዛሬ ሥጋ አስበላችኝ። ጾም ነው ብላት አፌን በእጇ ፈልቅቃ... ውሃም ከልክላኛለች። በሩን ከውጭ ቆልፈውብኛል። የቤቱን ሎኬሽን እልክልሻለሁ... ያዢው።»

ፈተና ላይ ነበርኩ። የደወልኩላት በሦስተኛው ቀን ነው።

ስልኳ ዝግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የደረሰን አንድ ቃል ብቻ ነው። ሁሩብ። ካፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪ፣ «ከቤቴ ጠፍታለች» ብሎ አስመዝግቧታል ማለት ነው። ጠፋች የተባለችን ሴት ደግሞ ማን ይፈልጋታል? ራሷ ናት የጠፋችው።

እናቴ «መርዶ ሳይመጣልኝ ለቅሶ አልቀመጥም» አለች። ጥቁር አልለበሰችም። ፍትሐት አላስፈታችም። የእህቴን አልጋ እንዳነጠፈች ሰባት ዓመት ኖረች። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩና አዲስ አበባ አላስቀምጥ አለችኝ። የደማሙን ሥራ ሳገኝ ለእናቴ ቃል ገባሁላት። ወይ ዘነብን፣ ወይ መርዶዋን ይዤ እመጣለሁ አልኳት።

ለራሴ የገባሁት ቃል ሌላ ነው። ያደረጉባትን ሳልመልስላቸው ከዚያች ከተማ አልወጣም።

ሎኬሽኑ ያደረሰን አንድ ቡናማ የብረት በር ጋ ነው። ግንቡ ላይ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ኬሪያ አነበበችው።

«ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ትከራያለች ይላል።» ሳቀች። «ወላሂ፣ አንቺን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው።»

እኔ አልሳቅኩም።

የከፈተልን ፈሀድ የሚባል ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ትሑት ነው፤ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ስሜን ስነግረው አዲስዓለም ማለት አቃተው።

«ሳራ ልበልሽ?»

«በለኝ።»

ሆስፒታል እንደምሠራ ሲሰማ ፊቱ በራ። «እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት። እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ብቅ እያልሽ ብታይልኝ...»

«ሠራተኛ የላችሁም?»

«አይቆዩልንም። የመጨረሻዋ ሁለት ቀን ነው የቆየችው። ምሳ ሰዓት ላይ እያለቀሱ ይወጣሉ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ልቤ የቸኮለው ሴትዮዋን ለማየት ነበር።

ሥራ የምገባው አሥር ሰዓት ላይ ስለሆነ ቀን ቀን ቤት ነኝ። በገባሁ በማግሥቱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከክፍሌ ወጣሁ።

ግቢው እርጥብ ነው።

አርባ ስምንት ዲግሪ ነው ያለው። ውሃ ብትደፋ ዞር ሳትል ይደርቃል። ግቢው ግን አሁን ታጥቦ ያለቀ ይመስላል። መጥረጊያው ግንብ ተደግፎ ይንጠባጠባል።

ማንም የለም።

ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ። ፈሀድ ጠዋት ለእናቱ ያስቀመጠው ሩዝ በዶሮ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተደፍቷል። መስኮቱ ላይ አንዲት የብረት ሳህን ታጥባ ተደፍታለች። አንዲት ብቻ። እንደ ሠራተኛ ሳህን ከሌላው ዕቃ ተለይታ።

ማዳም፣ የፈሀድ እናት፣ ክፍሏ ውስጥ ተኝታለች።

ንጹሕ ናት... ከመጠን በላይ ንጹሕ። በረኪና በረኪና ትሸታለች። የእጆቿ ቆዳ ነጥቶ ተልጧል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ይመስላል። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋቸው ተቆርጠዋል።

ዓይኗን ገለጠች። ፊቴን ስታይ ለመጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም።

«ዘይነብ... ኸላስ... ኸላስ...»

በቃሽ ማለቷ ነው።

ዘይነብ ይሏት የነበረው እህቴን ነው። ዘነበወርቅ ከብዷቸው ያወጡላት ስም ነው።

ማታ ከሥራ ስመለስ ፈሀድን ግቢ ውስጥ አገኘሁት።

«እናትህን ማነው የሚያጥባት?»

ግራ ገባው። «አንቺ መስለሺኝ። አመሰግናለሁ ልልሽ ነበር።»

«ከዛሬ በፊትስ?»

«ራሷ የምትነሣ ይመስለኝ ነበር...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምስሩንስ አንቺ አይደለሽም የሠራሽላት? ምስር በልታ ነው ያገኘኋት።»



በሦስተኛው ቀን ወንበር ይዤ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ማዳም ከውስጥ ታቃስታለች። ስምንት ተኩል... ከፈሀድ ምሳ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ለአንድ አፍታ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ።

ቀና ስል ምሳው የለም። ምድጃው ላይ ምስር ይንተከተካል። ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው።

በጣቶቼ ቆጠርኩ። ነሐሴ ሦስት።

ፍልሰታ ነው!

እኔ ጾም ከተውኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ህንድ እያለሁ መጀመሪያ ጾሙን ተውኩ፤ ቀጥሎ የጾሙን ወር መቁጠርም ተውኩ። እዚያ ቤት ግን አንድ ሰው አልተወም።

ማዳም እየጾመች ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ያለ እህል፣ ያለ ውሃ። ወዳ አይደለም።

ለኬሪያ ደውዬ የማዳምን ነገርም፣ የእህቴን ነገርም አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ዛሬውኑ ውጪ ከዚያ ቤት። ለልጇም ንገሪው። ሴትዮዋም ሰው ናት።»

«እህቴስ?»

«እህትሽም ሰው ነበረች፣ ሚስኪን። አሁን ምን እንደሆነች አላህ ያውቃል።»

አልወጣሁም። ለፈሀድም አልነገርኩትም።

ነሐሴ አሥር ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማዳም እጄን ያዘችኝ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ማይ... ያ ሳራ... ማይ...»

ውሃ ነው የምትለው።

ብርጭቆ ሞላሁ። እጄን አንገቷ ሥር አስገብቼ ቀና አደረግኳት። ብርጭቆው ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ከማዕድ ቤት ሹክሹክታ ሰማሁ።

«አዲሴ...»

እንደዚያ የሚጠራኝ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።

«ዘነብ?»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

ወደ ማዕድ ቤቱ ዞርኩ። «ዘነብ፣ የት ነው ያለሽው? ሞተሻል? እማማ መርዶሽን እየጠበቀች ነው...»

ቧንቧ ተከፈተ። ሳህን ሲታጠብ ሰማሁ።

ወደ ማዳም ዞርኩና በምችላት ዐረብኛ ጠየቅኳት። «እህቴ የት ናት?»

በፍርሃት ወደ ማዕድ ቤቱ አየች። «ማፊ ሁሩብ...» አለች። «ዘይነብ ማፊ ሁሩብ...»

አልጠፋችም።

ከዚህ ቤት አልወጣችም።

ብርጭቆውን አየሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ ጎኑ አልቦታል። ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት፤ እጇ የማይደርስበት ቦታ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አልኳት።

በአማርኛ ነው ያልኩት። ገብቷታል።

ደስ አለኝ። ይሄን ልደብቃችሁ አልችልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰዓቴን አይ ነበር።

ነሐሴ አሥራ አምስት ፈሀድ «በጣም ከሳችብኝ። ነገ ከሰዓት ሆስፒታል እወስዳታለሁ» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

በማግሥቱ የታመመች ባልደረባዬን ተክቼ ጠዋት ደማም ገባሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ ፈሀድ በባዶ እግሩ እርጥቡ ግቢ መሀል ቆሟል።

«ክፍሏ ከውጭ ተቆልፎ ነበር» አለኝ። «ቁልፉ በሩ ላይ ነው። ማን ቆለፈው? ከፍቼ ስገባ...»

ገብቼ አየሁ። አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው ያለ አንዲት መጨማደድ ተወጥሯል። ወለሉ ታጥቧል። ግድግዳው ሳይቀር ታጥቦ ይንጠባጠባል።

እግሯን ማንሣት የማትችለው ሴትዮ የለችም።

ከማዕድ ቤት የወጥ ሽታ መጣ። የሥጋ ወጥ።

ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ሁለት ሳምንት ሥጋ ያልተበላበት ማዕድ ቤት... ነሐሴ አሥራ ስድስት ነው። ጾሙ ተፈቷል።

ክዳኑን አልከፈትኩም።

ፈሀድ ተከትሎኝ ገባ። ስልኩን ይዟል። «እናቴ ጠፋች... ለፖሊስ ምን ብዬ ልንገር?»

«ሁሩብ በላት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴን በደንብ ያየው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

«አንቺ... ማን ነሽ?»

«የዘይነብ እህት ነኝ።»

እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለ። «ያኔ ሪያድ ነበርኩ፣ ዩኒቨርሲቲ። እናቴ ደውላ ዘይነብ ጠፋች አለችኝ። በስልኬ አስመዘገብኳት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም...» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «መጥቼ ቤቱን አልፈተሽኩም። ለምን እንዳልፈተሽኩ አላውቅም።»

ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

ፖሊሶች ጠየቁኝ። ጠዋቱን ሙሉ ደማም እንደነበርኩ ሆስፒታሉ መሰከረልኝ። እነሱ ሲደርሱ ድስቱ ባዶ ነበር አሉ። ታጥቦ ተደፍቷል። ግቢውን ቆፈሩ፣ ጣሪያውን ወጡ። ማዳምንም አላገኙም፤ እህቴንም አላገኙም።

አሁን ዑለያ ነው የምኖረው፤ ሐበሻ በሞላበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ኬሪያ «አልነገርኩሽም?» ብላ አልሳቀችብኝም። ዕቃዬን አብራኝ ተሸከመች እንጂ።

ባለፈው እሁድ እናቴ ደወለች። ወሬ ልቀይር ስል አቋረጠችኝ።

«አዲስዬ፣ አርጅቻለሁ። አንድ ነገር ንገሪኝ። ለቅሶ ልቀመጥ ወይስ ልጠብቅ?»

«ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ከዚያ የዘነብን የድሮ ቁጥር አወጣሁ። ሰባት ዓመት ዝግ የነበረውን። ጻፍኩላት።

«ዘነብ፣ እማማ ለቅሶ ትቀመጥ?»

ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ።

አንብባዋለች።

እየጻፈች እንደሆነ አሳየኝ... አቆመች... ደግሞ ጻፈች...

ስልኩን ይዤ እስኪነጋ ተቀመጥኩ። መልስ አልመጣም።