መስኮቱ ላይ ያልነበረው ቁልፍ

«ልጄ፣ ይኼ ነገር እስኪከፈት ሻዬን ጠጥቼ ልምጣ?» አሉ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሳሮጂኒ ቼቺ፤ «ቼቺ» በማላያላም ቋንቋ «እትዬ» እንደማለት ነው።

ሪንሻ ምን ትበል? የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ኮምፒውተር ያቃስታል፤ መጻሕፍት ለማዋስ የሠራችው ፕሮግራም ነጭ ሆኖ ቆሟል። ሦስት ሳምንት ለፍታበታለች። መጽሐፍ በተዋሱ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቢራቢሮ ይበራል። ያን ሁሉ ውበት ለማሳየት ግን ፕሮግራሙ ሆዱ ውስጥ አንድ ሙሉ ብራውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት ማሰሻ፣ ይዟል፤ ምስኪኑ ማሽን እሱን መሸከም አልቻለም።

ቀጥሎ ጓደኛዋ አናጋ፣ ወንድሟ ዱባይ ሲሄድ የተወላትን ላፕቶፕ ከፈተች። ከቤተ መጻሕፍቱ ማሽን የባሰ ያረጀ ነው። ጠቅ አደረገች፤ ተከፈተ። ግራጫ መስኮት፣ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ አራት የሚጫኑ ቁልፎች። በቃ።

«አንቺም በጃቫስክሪፕት ቋንቋ አይደል የሠራሽው?» አለች ሪንሻ።

«አዎ። ብራውዘሩን ነው የተውኩት። መስኮቱንም ቁልፎቹንም ከራሱ ከኮምፒውተሩ ነው የምዋሰው። የሚሠራበት ሥርዓት ዊንዶውስም ይሁን ሊኑክስ፣ ያለውን ይሰጠኛል።»

«ቢራቢሮ የለውም እንዴ?» አሉ ቼቺ፣ እየሳቁ። «ይቅርብኝ ግድ የለም። እኔ መጽሐፍ ነው የምፈልገው።»

ሪንሻም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን በቅናት ድብን አለ። ጃቫስክሪፕት ያስተማረቻት ማን ሆነና! ስምንተኛ ክፍል እያሉ አናጋ አንድ ቅንፍ መዝጋት ረስታ ስታለቅስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ያሳየቻት እሷ ናት። እሑድ የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱን ይመርጣል፤ የተመረጠላት ልጅ በዕረፍቱ የኮምፒውተር ካምፕ ትሄዳለች። ቦታው አንድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አናጋ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ የጃስሚን አበባ ሰክታ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች። ፕሮግራሟ ያለበትን ፍላሽ ዲስክ ሪንሻ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«የወንድሜ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው፤ የዚህ ቤት ደግሞ ሊኑክስ። በናትሽ እዚህ ሞክሪልኝ። ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ይኼ የመጨረሻው ቃሏ ሪንሻን ይበልጥ አናደዳት። እንዲህ የምታምን ልጅ ላይ መቅናት እንኳ ደስ አይልም።

አናጋ ወደ ሠርጉ ሄደች። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ቼቺ እንደ ልማዳቸው መጻሕፍቱን በቦርሳ ሸክፈው ለየቤቱ ሊያዳርሱ ወጥተዋል። ሪንሻ ፍላሹን ሰካች። የአናጋ ፕሮግራም እዚህም ወዲያው ተከፈተ። «አዲስ»፣ «ፈልግ»፣ «አውስ»... አራተኛው የለም። «መልስ» የሚለው ቁልፍ የለም። መስኮቱን በማውሱ ልትለጥጠው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ ወዲያው ገባት። በሊኑክሱ የማላያላም ፊደል ተለቅ ብሎ ነው የሚወጣው። አናጋ ደግሞ የመስኮቱን ወርድና ቁመት በቁጥር ቸንክራዋለች። ሦስቱ ቁልፎች ከፊደሉ ጋር ሲሰፉ አራተኛው ከዳር ወጥቶ ተቆርጧል። መጽሐፍ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ነገ ኮሚቴው ፊት አንዱ «እስቲ ይኼን መልሱ» ቢል አናጋ አለቀላት።

ሪንሻ ደስ አላት። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ አላት።

ስልኳ ነዘረ። አናጋ ናት፤ «እንዴት ነው? ይሠራል?» ብላለች።

«ይሠራል» ብላ ጻፈች ሪንሻ። ውሸትም አይደለም፤ ተከፍቷል። አውራ ጣቷ «ላክ» የሚለው ላይ እንዳለ ቼቺ ከነዝናባቸው ገቡ።

«የአናጋ ነው? እስቲ ቆዪ፣ ከየቤቱ የሰበሰብኳቸውን እነዚህን አሁኑኑ ልመልሳቸው» አሉና ጃንጥላቸውን ጥግ አቁመው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሳሪ ልብሳቸው ጫፍ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። ስክሪኑን ተጠጉ፣ ራቁ፣ እንደገና ተጠጉ። ከዚያ ቀስ ብለው መሳቢያውን ከፈቱና የድሮውን መዝገብ አወጡ።

«ዓይኔ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በዚያ ላፕቶፕ ላይ አይቼው ነበር፣ ዛሬ ግን ጠፋብኝ። ለኮሚቴው እንዳትነግሪብኝ፣ እሺ ልጄ? ማየት ተሳናት ካሉ ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኛል።»

ሪንሻ ክው አለች። ጥፋቱ የአናጋ ነው ብላ ነበር ደስ ያላት። ቼቺ በራሳቸው ዓይን ያሳብባሉ ብላ በሕልሟም አላሰበችም። ነገም ሰው ሁሉ ፊት መነጽራቸውን ሲወለውሉ ታያት።

«ይሠራል» የሚለውን አጠፋች። «አይሠራም፤ ደውዪ» ብላ ላከች።

«ቼቺ፣ ዓይንዎ ደህና ነው» አለች። «ቁልፉ ነው የሌለው። እኔም አላገኘሁትም።»

ቼቺ ቀና ብለው አዩዋትና መዝገቡን ዘጉት። እፎይ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ስልኩ ጮኸ። ከአናጋ ድምፅ በፊት የሠርጉ ከበሮ ነው የተሰማው። ሪንሻ ችግሩን ነገረቻት።

«ወይኔ! ቁጥሮቹን!» አለች አናጋ። «ዝም ብትይ ኖሮ ነገ ያንቺ ይመረጥ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«የኔ እስኪከፈት ኮሚቴው ተበትኖ እቤቱ ይገባል» አለች ሪንሻ። ድምፁ ለራሷም ደረቅ ሆነባት። «ደግሞ ተናድጄብሻለሁ።»

«ታውቆኛል። ላፕቶፑን ከከፈትኩበት ቀን ጀምሮ።» ከበሮው ራቀ፤ አናጋ ወደ ደጅ ወጥታ መሆን አለበት። «ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ አውቶቡስ ልያዝ።»

«ሠርጉን ጥለሽ የት ትመጫለሽ? ፋይሉ እዚሁ ፍላሹ ላይ ነው። አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ቅናቱ እንዳለ ነው፤ የትም አልሄደም። ሪንሻ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ያዘች።

«የመጀመሪያው ቁጥር የትኛው መስመር ላይ ነው?» አለች።