ቀዩ ድንኳን በቸስተርሚር ሐይቅ ላይ

ሳጅን ራሕዋ ተክለ ካልጋሪ አጠገብ ባለው ቸስተርሚር ሐይቅ ዳር መኪናዋን ስታቆም ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጠዋት ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት የነበረው ብርድ፣ ከቀትር በኋላ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ንፋስ ከተራሮቹ ሲወርድ ተገልብጦ፣ አሁን ከየቤቱ ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል። ሐይቁ ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተኝቷል። ከዳር ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ በረዶ ቆፍረው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚተክሉት ዓይነት አንድ ቀይ ድንኳን ቆሟል።

ራሕዋ አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ በፖሊስነት ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። አማርኛ የሚነገርበት ቤት ሰው ሲሞት የሚጠሩት እሷን ነው።

በድንኳኑ ውስጥ አንድ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ተጣጣፊ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ዘካርያስ ይባላል፤ ለገና የሦስት ሳምንት ዕረፍት ከሐዋሳ እህቱ ዘንድ የመጣ እንግዳ ነው። ከአጠገቡ ያለው የጋዝ ማሞቂያ ገና ይነድዳል። ራሕዋ ጓንቱን አውልቃ ጥፍሮቹን አየች። የጥፍሮቹ ሥር እንደ ጤነኛ ሰው፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ቀልቷል።

«የጋዙ መርዝ ነው» አለ አብሯት የነበረው ወጣት ፖሊስ። «ከሞቃት አገር የመጣ ሰው የድንኳኑን የአየር መተንፈሻዎች ዘግቶ ይሆናል እንዳልል፣ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ማሞቂያው የተበላሸ ይመስለኛል።»

ራሕዋ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞረች። መተንፈሻዎቹ በጀርባው በኩል፣ ወገብ በሚደርስ ቦታ ላይ፣ በወንፊት ጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ወንፊቱ ላይ ከውጭ በኩል የበረዶ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ከሥራቸው በረዶው ረጥቧል። በሌሎቹ ሦስት ጎኖች በረዶው ሳይዛቅ እንደተኛ ነው፤ በጀርባ በኩል ግን በአካፋ ስፋት ሁለት ቦታ ተዝቆ፣ የሐይቁ ሰማያዊ ግግር ወጥቷል።

አስከሬኑን ያገኘው በድሉ ነበር፤ የሟቹን እህት የተናኘን ቤት ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ሰንሪጅ ገበያ ማዕከል የሚሠራ የሠላሳ ዓመት ሰው። ሐይቁ ዳር ቆሞ እጁን ያሻሽ ነበር።

«ድንኳኑ የኔ ነው፣ እትዬ ራሕዋ። ዓሣ ማጥመድ እወዳለሁ ሲሉኝ ላሳያቸው ብዬ ነው የተከልኩት። ጋሽ ዘካርያስ አገር ቤት እሑድ እሑድ ከሐይቁ አይጠፉም ነበር።»

«ስለ መተንፈሻዎቹ ነግረኸው ነበር?»

«ሐሙስ እራት ላይ ነገርኳቸው። ማሞቂያ እየነደደ እነዚህ ከተዘጉ ሰው ሳይታወቀው ይሞታል አልኩ። እትዬ ተናኘም፣ ጋሽ ማትያስም ሰምተዋል።»

«ዛሬ ከድንኳኑ ጀርባ በረዶ የዛቅከው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሺፍት ላይ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ በሩ ዚፑ ተዘግቷል፤ መተንፈሻዎቹ ክፍት ናቸው። ወዲያው ፖሊስ ኮል አደረግኩ።»

«ለእህቱ ምን አልካት?»

«ሞቱ ብቻ ነው ያልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?»

የተናኘና የባሏ የማትያስ ቤት ሐይቁን ፊት ለፊት ያያል። ተናኘ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። እናታቸው ስትሞት ወንድሟን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ሶፋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር።

«በረዶ ላሳየው ብዬ አመጣሁት» አለች። «ሐዋሳ ሕይወቱ ሽርሽር ነበር። ቅዳሜ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ፣ እሑድ አሞራ ገደል ዓሣ፣ ከዚያ ጀልባ። ሐይቅ ላይ በእግሬ ሄድኩ ብሎ ለጓደኞቹ ቪዲዮ ይልክ ነበር።»

«ዛሬ መቼ አዩት?»

«አምስት ሰዓት ላይ ሻይ በቴርሞስ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ከቤት አልወጣሁም።»

«ምሳ አልበላም ማለት ነው?»

«ሲመጣ ይበላል ብዬ ነበር።» ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ምን ዋጋ አለው? በበረዶ በተደፈነ ድንኳን ውስጥ ምን አየር አለ?»

ራሕዋ ይህንን ቃል በቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ማትያስ ወጥ ቤት ቆሞ ነበር የጠበቃት። ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለስድስት ስድስት ሳምንት ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ማውጫ ካምፕ እንደሚሄድ ይናገራል።

«ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማርልቦሮ ሰፈር ፀጉር ቤት ነበርኩ። ቅዳሜ ወረፋ አለ። ባለቤቱን ጠይቂው።»

«ከዘካርያስ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አማቼ ነው። ለምን አንስማማም?»

«ትናንት ምሽት ምን አደረጋችሁ?»

ፊቱን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረ። «የሽርሽር ፎቶ አሳየን። ስልኩን ከቲቪው ጋር አገናኝቶ። ከዚያ ደክሞን ተኛን።»

ፀጉር ቤቱ የማትያስን ቃል አረጋገጠ፤ የበድሉም አለቃ እንዲሁ። ሰኞ ሦስት ነገሮች ተጨመሩ። ማሞቂያው ተፈትሾ ምንም ጉድለት አልተገኘበትም። ሐኪሙ፣ ሟቹ ከመሞቱ በፊት ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ምስር ወጥ በእንጀራ መብላቱን ጻፈ። ከሟቹ ስልክ ላይ ደግሞ ዓርብ ምሽት የተሰረዘ አንድ ፎቶ ተመልሶ ወጣ።

ራሕዋ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዘካርያስ ለመጨረሻ ጊዜ መልእክት ወደላከለት ሰው ሐዋሳ ደወለች። አባይነህ የሚባል ባለጀልባ ነው።

«የድምፅ መልእክት ነው የላከልኝ» አላት። «መቼ እንደላከው ስልኩ ይነግርሻል። ግማሹ ቀልድ ነው። ሌላውን ግን አንቺው ብትሰሚው ይሻላል።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ራሕዋ ለለቅሶ የመጡትን ሰዎች ይቅርታ ጠይቃ አሰናበተች። ሳሎኑ ውስጥ ተናኘ፣ ማትያስና በድሉ ቀሩ፤ ወጣቱ ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» አለች ራሕዋ። «ማሞቂያው ደህና ነው። መተንፈሻዎቹም ሲገኙ ክፍት ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ሰውየው በጋዙ መርዝ ሞቷል። ስለዚህ መተንፈሻዎቹ ተዘግተው ነበር፤ በኋላ ተከፍተዋል።»

«ማን ከፈታቸው?» አለ በድሉ።

«ንፋሱ። ከድንኳኑ ጀርባ በረዶ በአካፋ ተዝቆ ወንፊቶቹ ላይ ተከምሮ ነበር። ከሰባት ሰዓት በኋላ ቺኑክ መጣ፤ ማሞቂያውም ከውስጥ ያግዘዋል። አንተ ስትደርስ ቀልጦ ወርዷል። የቀረው ወንፊቱ ላይ የተጣበቀው ፍርፋሪና የተዛቀው ቦታ ነው።»

ማትያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ራሱ አድርጎት ይሆናል። ብርድ አይችልም ነበር።»

«ከውስጥ ሆኖ ከውጭ መከመር አይቻልም። ደግሞም አደጋውን ያውቅ ነበር። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ለጓደኛው፣ ‹እዚህ አገር ሰው ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ይሞታል አሉኝ፤ ሁለቱን መስኮቶች እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቃቸው› ብሎታል።»

ራሕዋ ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ቀጥሎ ምሳ በልቷል። ሲወጣ የያዘው ሻይ ብቻ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ሳህንም፣ ምሳ ዕቃም፣ የእንጀራ ፍርፋሪም አላገኘንም። ምሳ ያመጣለት ሰው ዕቃውን ይዞ ተመልሷል፤ መምጣቱንም ደብቋል። በድሉ ሥራ ላይ ነው። ማትያስ ማርልቦሮ ነው።» ወደ ተናኘ ዞረች። «ቅዳሜ ዕለት ‹በበረዶ በተደፈነ ድንኳን› ብለውኝ ነበር። በድሉ ያየው ክፍት መተንፈሻ ነው። የነገረዎትም ሞቱን ብቻ ነው። በበረዶ መደፈኑን የሚያውቀው የደፈነው ሰው ብቻ ነበር።»

ተናኘ እጆቿን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። አልካደችም።

በድሉ ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ወንድምዎት እኮ ናቸው።»

ራሕዋ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ የተነሳ ነው። ማትያስ አንዲት ወጣት ሴት አቅፏል። ከፊታቸው ዘካርያስ ነጭ የለበሰች ሕፃን ታቅፎ ይስቃል።

«ወደ ሰሜን ካምፕ የሚሄዱት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለችው ማትያስን። «ሁለተኛው ጉዞ ወደ ሐዋሳ ነበር። ዓርብ ፎቶው ቲቪው ላይ ሲወጣ ስልኩን ነጥቀው ሰረዙት። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርስዎን ነው።»

ማትያስ አንገቱን ደፋ።

«አየሁት» አለች ተናኘ። ድምፅዋ ከተለመደው ከፍም ዝቅም አላለም። «ለመሰረዝ ቢቸኩልም አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስጠኝ ብዬ ስለምን ኖሬአለሁ፤ እሱ እዚያ ወልዷል። ይህ ያቃጥላል፤ ግን ይቻላል። ባል ባዕድ ነው። ወንድሜ ግን ልጅቷን ክርስትና አነሳ። በየሳምንቱ እየደወልኩ ስለ ትዳሬ አለቅስለት ነበር፤ እሱ ግን እሑድ እሑድ በጀልባ ያንሸራሽራቸዋል። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ። ፎቶው ሲወጣ ሳቀ። ሳቀብኝ።»

«ምሳ ስትወስጂለት ምን አለሽ?» ራሕዋ አንቱታውን ትታ ነበር።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው አለኝ። መጀመሪያ ብላ አልኩት። በላ፤ አመሰገነ፤ ዓይኑ ከበደ። ትንሽ ሸለብ ያድርገኝና እናወራለን አለ። ወጥቼ አካፋውን አነሳሁ። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር።»

ራሕዋ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ልትተወው ትችል ነበር።

«የሳቀው በፍርሃት ነው» አለች በመጨረሻ። የመልእክቱን ሁለተኛ ክፍል ከፈተችው።

የዘካርያስ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። «አባይነህ፣ በረዶ ለማየት አይደለም የመጣሁት። አራት ዓመት ዋሽቻታለሁ፤ ትዳሯ እንዳይፈርስ ብዬ ነው። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ትናንት ፎቶውን ሆን ብዬ አወጣሁት። ያየችው አልመሰለኝም። ዛሬ ግን እነግራታለሁ። እታለም ታባርረኝ ይሆናል፤ ታባርረኝ። ከፈቀደች ይዣት እመጣለሁ። የእናታችንን ቤት አሳድሼላታለሁ።»

ተናኘ መልእክቱ እስኪያልቅ አልተነቃነቀችም። ከዚያ «ድገሚልኝ» አለች። ራሕዋ ደገመችላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ግን ራሕዋ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ወጣቱ ፖሊስ ካፖርቷን አመጣላት። ስትወጣ ባሏን አላየችውም።

አስከሬኑን አገር ቤት የሚያደርስ የቅርብ ሰው ጠፋ። በድሉ እኔ ልሂድ ብሎ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ስላላለቀ ከወጣ መመለስ አይችልም። የቀረው ማትያስ ነው።

ሐዋሳ አየር ማረፊያ ብዙ ሰው ወጣ። የጀልባ ማኅበሩ ሰዎች፣ ጎረቤቶች፣ ዓሣ ሻጮች ነበሩ። የካልጋሪውን ወሬ ገና ያልሰሙት ሴቶች፣ ሬሳ ተከትሎ ይህን ሁሉ አገር የመጣውን አማች እያዩ «እንዲህ ነው ዘመድ» ተባባሉ። ማትያስ ከሳጥኑ ኋላ አቀርቅሮ ይራመድ ነበር። ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ቆማለች። የአራት ዓመቷ ልጅ ከእጇ አምልጣ በሰዎች እግር መካከል እየሮጠች መጣች።

«አባዬ» አለችው።

ማትያስ ሰማ። ሁሉም ሰሙ። እሱ ግን ዓይኑን ሳጥኑ ላይ ተክሎ መራመዱን ቀጠለ። አባይነህ ጎንበስ ብሎ ልጅቷን አነሳት።