አንድ ትዕዛዝ፣ ሁለት እጅ

ፕሮግራመሯ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የምትፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የዳታቤዙን፣ የመረጃ ቋቱን፣ ኃላፊ። ቢሮው «አባ ሠንጠረዥ» ይለዋል። ቁጣ አያውቅም፤ ግን ዝም ብሎ ሲያያት የምትናገረው ይጠፋታል። ይህ ፍርሃት ሳይሆን ፍቅር መሆኑን እስክታውቅ ጊዜ ፈጅቶባታል። ልብ አንዳንዴ እንዲህ ደንቆሮ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የቤት ዕቃ ይሸጣል። አንድ ትዕዛዝ በገባ ቁጥር ገዢው በአንድ ሠንጠረዥ፣ አልጋና ወንበሩ በሌላ፣ አድራሻው በሦስተኛ ይበተናል።

«ለምን እንበታትነዋለን?» አለችው አንድ ቀን። «ዳታቤዙ ያው የድሮው ይሁን፤ ትዕዛዙ ግን እንዳለ፣ እንደ አንድ ሰነድ፣ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ሲፈለግ ሙሉውን ማንሳት፣ ሲታረም ሙሉውን መመለስ።»

«ሐሳቡስ ያምራል» አለ ፈገግ ብሎ። «ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያነሳውስ?»

«ለአንድ ትዕዛዝ ደግሞ ሁለት ሰው ምን ይሠራል?»

እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጠዋት ወንበር ላይ የጣለችው ሹራብ ማታ እዚያው ይጠብቃታል፤ ጨው ያስቀመጠችበትን ቦታ የሚያዛባባት የለም። ሁለት ሰው አንድ ነገር ላይ እጁን ሊያሳርፍ እንደሚችል በእውነት አልታያትም።

«አብረን እንየው?» አላት።

«ተወው፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ።»

ላለማስቸገር ብላ ነው። እሱ ግን አንገቱን ነቅንቆ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ጠረጴዛዋ ብቅ አላለም።

አዲሱ አሠራር በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጉድ ፈላ። አንዲት ሙሽራ ሱቅ መጥታ የመረጠችውን አልጋ ታስለውጣለች፤ በዚያው ሰዓት እጮኛዋ ለሌላ ሻጭ ደውሎ አድራሻ ያስተካክላል። ሁለቱ ሻጮች ያነሱት ያንኑ ሰነድ ነው። ኋላ የመለሰው ሻጭ የያዘው ሰነድ የቀድሞውን አልጋ እንዳለ ነበርና የፊተኛውን ሥራ ደመሰሰው፤ ያልተፈለገው አልጋ አዲሱ ቤት ደረሰ። ሙሽራዋ በስልክ ስታለቅስ ቢሮው ሁሉ ሰማ።

አባ ሠንጠረዥ «ብዬሽ ነበር» አላለም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። በየሰነዱ ላይ ቁጥር ጨመሩ፤ ሰነዱ በታረመ ቁጥር ቁጥሩም ይቀየራል፣ አሮጌውን ይዞ የመጣ ሻጭ «ሌላ ሰው ቀድሞሃል፤ እንደገና አንሳ» ይባላል። ከሰዓቱን ሙሉ ክርናቸው ሲነካካ ዋለ። እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

«እንግዲህ አለቀ» አላት ሲነሳ። «እኔም ቅዳሜ ወደ ሌላው ከተማ ቅርንጫፍ መሄዴ ነው።»

«ማን ላከህ?»

«ራሴ ጠይቄ ነው። ያኔ ‹ብቻዬን› ስትይኝ፣ ታዲያ እዚህ ምን ያቆየኛል ብዬ።»

ሰው ለምና አታውቅም።

«አትሂድ» አለች። «እወድሃለሁ፤ አትሂድብኝ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምነው ያን ቀን ብትይኝ ኖሮ! አባቴ እዚያ ነው፤ ጉልበቱ ደክሟል። እመጣለሁ ካልኩት ወዲህ ክፍሌን ቀለም አስቀብቶ በር በሩን ነው የሚያየው። እንዴት ብዬ ቀረሁ ልበለው?»

እናቷን የቀበረች ልጅ አባትህን ተወው አትልም።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ ሸኘችው። «ደውዪ»፣ «እሺ፣ አንተም» ተባባሉ፤ የሚባል ሲጠፋ የሚባለውን። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር እጇን እስኪዝል ድረስ አውለበለበች። እሱ የተቀመጠው በወዲያኛው ወገን ነበርና አላያትም።